መጋዝ ለመያዝ ለምትመዘገቡ ልጆቼ



የፈተና ውጤት የሚወጣበት ሰሞን ሲደርስ የሰፈራችን ድምፅ ይለወጣል። ከአንዱ ቤት እልልታ ይሰማል። በብዙው ቤት ግን በሩ ገርበብ ይላል፣ የልጁ ስልክ ይዘጋል፣ እናትም ጎረቤት ቡና ሲጠራት ሰበብ ትፈጥራለች። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ልጆች ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ በየመንደሩ ስንት ቤት አንገቱን ደፍቶ እንደ ከረመ እናንተው አስቡት።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ልጁ አንድ ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። በሁለተኛው ወር አጎቱ ወይም የዕድር ጎረቤት ይመጣና «በቃ ቴክኒክና ሙያ ይግባ እንጂ፣ ከመቀመጥ ይሻላል» ይላል። ልጁም ወርክሾፑን ሳያይ፣ ስለ ሙያው ሳይጠይቅ፣ ቦታ አለ በተባለበት ስሙን ያስገባል። እንጨት ሥራ ለብዙዎች የደረሳቸው እንዲህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በዚህ መንገድ የገባ ልጅ ብዙ ሳይቆይ መጋዙን ጥሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «እጁ አይታዘዝለትም» ይላል፤ እጁን ግን ማን ፈተነው? የተበላሸው አገባቡ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የማሳስባችሁ አንድ ነገር ነው። እንጨት ሥራ ለመማር የምትመዘገቡ ከሆነ መርጣችሁ ተመዝገቡ። መምረጥ ማለት አስቀድሞ ሄዶ ማየት፣ ማጣራት፣ ከገቡም በኋላ እስኪጨርሱ መቆየት ነው።

መጀመሪያ ግን ከልባችሁ መውጣት ያለበት ነገር አለ፤ እሱም እፍረቱ ነው። በአገራችን የእጅ ሥራ ሲናቅ የኖረ ነው። ብረት ቀጥቃጩ በሠራልን ማረሻ እያረስን፣ ሸማኔው በሠራልን ጋቢ እየሞቅን፣ ሸክላ ሠሪዋ ባበጀችው ድስት ወጣችንን እየሠራን፣ ዞር ብለን ሰደብናቸው። በጉራጌ አገር የትልቁን ቤት ምሰሶ ጠርቦ የሚያቆመው ባለሙያ ራሱ መሬት እንዳይኖረው ተደርጎ ኖሯል፤ በሌላውም አካባቢ መልኩ ይለያይ እንጂ እንዲህ ያለው ግፍ አልጠፋም። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ልብሱን ለውጦ ዛሬም በመካከላችን አለ። ዛሬ «ውጤት አልመጣለት ብሎ ነው» ተብሎ ይነገራል። በልጁ ልብ ላይ የሚያሳርፈው ጠባሳ ያው የዱሮው ነው።

ክርስቲያኑ ወገኔ፣ ጌታችን ያደገው በጠራቢው በዮሴፍ ቤት ነው። ሙስሊሙ ወገኔ፣ ነቢዩ ዘከሪያ አናጢ እንደነበሩ በሐዲስ ሰምተሃል። እነርሱ ያላፈሩበትን ሥራ እኛ በየትኛው ክብራችን ነው የምናፍርበት? ጥበቡም ከውጭ የመጣብን እንግዳ አይደለም። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የዱር አራዊት የተቀረጹባቸውን የእንጨት ገበታዎች ያየ ሰው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የተቀመጠበት ሰው ይህን ያውቃል። አገር ዘመናዊውን የሙያ ትምህርት ስትጀምርም እንጨትን አልዘለለችውም፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በባሕር ዳር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ እንጨት ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ምዝገባው እንምጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉና ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ወደ ኮሌጁ ሂዱ። ማስታወቂያ ሰሌዳውን አንብባችሁ ብቻ አትመለሱ። «የእንጨት ሥራውን ወርክሾፕ ማየት እፈልጋለሁ» በሉ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። በትሕትና የጠየቀን ልጅ የሚያባርር አሠልጣኝ ጥቂት ነው፤ ካባረራችሁም ስለዚያ ቤት አንድ ቁም ነገር ነገራችሁ ማለት ነው።

ስትገቡ መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡ። መጋዝ ይሰማል? መዶሻ ይሰማል? ቀጥሎ ማሽኖቹን ተመልከቱ። በእንጨት ብናኝ የተሸፈነ ማሽን የሚሠራ ማሽን ነው፤ የቤት አቧራ የለበሰና ሸረሪት ያደራበት ግን ለጎብኚ የቆመ ነው። የሥራ ጠረጴዛዎቹ ሞርሳ አላቸው ወይ? መላጊያው፣ መሮው፣ ስኳድራው ለየሠልጣኙ ይደርሳል ወይስ አንዱ ሲሠራ ዘጠኙ ቆሞ ያያል? ቆሞ በማየት የተማረ አናጢ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከቻላችሁም አንድ መሮ አንሥታችሁ ስለቱን ዕዩ። የደነዘዘ መሮ በተደረደረበት ቤት ስለት ማውጣት አይማሩም፤ ስለት ማውጣት ያልተማረ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከእንጨቱ ጋር ሲታገል ይኖራል፤ እንጨቱም ይሰነጠቅበታል፣ ትከሻውም ያልቃል።

ስለ አካላችሁ የሚጨነቅ ቤት መሆኑንም አጣሩ። ክብ መጋዙ መከለያ ተገጥሞለታል ወይስ ተነቅሎ ጥግ ተጥሏል? ችኩል ሠራተኛ መከለያውን «ይከለክለኛል» ብሎ ይነቅለዋል፤ ጣቱ ከሄደ በኋላ ግን የሚመልስለት የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጣት ግን ፈስሶ አይለቀምም። ብናኙን የሚስብ ማሽን፣ እሱም ባይኖር ሰፊ መስኮትና የአፍ መሸፈኛ መኖሩን ተመልከቱ። ብናኝ ሳል ብቻ የሚመስላቸው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ አስገብቶታል፤ በተለይ የአፍንጫን የውስጥ ክፍል ያጠቃል። ይህን የምነግራችሁ ልትፈሩ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ እንድትለምዱ ነው። እጅጌው የሰፋ ልብስ፣ ቀለበት፣ የተንጠለጠለ ሐብል ማሽን አጠገብ አይቀርብም። ፀጉር ይታሰራል።

ከዚያም እንጨቱ ወደ ተቀመጠበት ሂዱ። ጣውላው መሬት ላይ ተከምሮ ከሆነ አሠልጣኙን በአክብሮት «ለምን እንዲህ ተቀመጠ?» በሉት። በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶለት፣ አየር እንዲያልፍበት ተደርጎ፣ ፀሐይና ዝናብ ከማይመታው ቦታ ተደርድሮ ካገኛችሁት ግን ዕወቁት፤ እዚያ ቤት እንጨትን የሚያውቅ ሰው አለ። በመጨረሻ ሠልጣኞቹን ለብቻቸው አግኝታችሁ «ባለፈው ወር ምን ሠራችሁ?» በሏቸው። መሳቢያ፣ በርጩማ፣ የመስኮት ፍሬም ካሉ ደግ ነው። ደብተራቸውን ብቻ ካሳዩዋችሁ ግን ሌላ ኮሌጅም ሄዳችሁ ተመልከቱ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወጣል፤ ለየትኛው ደረጃ እንደምትበቁም በእሱ ይታወቃል። ደረጃው ከ1 ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ መታወቂያችሁን፣ ጉርድ ፎቷችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ በመጨረሻው ቀን ፎቶ ቤት የሚሮጥ ልጅ ሰልፉ ላይ ቦታውን ያጣል። ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ግን አጥብቃችሁ አረጋግጡ። አንድ «ሀ» በ«ሐ» ተለውጦ ስንቱን ሲያመላልስ አይቻለሁ። ዝቅ ካለ ደረጃ ብትጀምሩም አትከፉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንዳንዱ ኮሌጅ ሲቀበላችሁ «ለምን እንጨት ሥራን መረጥክ? ለምን መረጥሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ባይጠይቅም እናንተ ራሳችሁን ጠይቁ። ከሰው የሰማችሁትን ያማረ ንግግር አትደግሙ። ቤታችሁ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ጠግናችሁ ከሆነ እሱን ተናገሩ። አባታችሁ አናጢ ከነበሩ እሱን ተናገሩ። ምንም ነክታችሁ የማታውቁ ከሆናችሁም «አልነካሁም፣ ግን ወርክሾፑን መጥቼ አይቼዋለሁ፤ ይህን ይህን ለመሥራት ጓጉቻለሁ» በሉ። ያየ ሰው ሲናገር ይታወቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ሒሳብ ጠልቶ ወደ እንጨት የሚሸሽ ልጅ አለ። ሒሳቡ እዚያም ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል። አንድ ኤምዲኤፍ ገበታ 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 ነው። ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ከስንት ገበታ ይወጣል? ጎኑ፣ ወለሉ፣ መደርደሪያው፣ በሩ እንዴት ቢቀመጥ ነው ቁርጥራጭ የማይበዛው? መጋዙ ራሱ በየቁርጡ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይበላል፤ ይህን የረሳ ሰው መጨረሻው ላይ የሚጋጠምለት የለውም። ገበታው ውድ ነው። አንድ ገበታ አበላሽቶ ከራሱ ኪስ የከፈለ ባለሙያ ትርፉን ሁሉ ከመሬት አፈሰሰው። እንግዲያው ክፍልፋዩን፣ ስፋትና ቁመቱን፣ የዋጋ ስሌቱን ከአሁኑ ከልሱት። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ይበቃል። በትምህርት ቤት ያልገባችሁ ሒሳብ በእጃችሁ የያዛችሁት እንጨት ላይ ሲመጣ የሚገባችሁ መሆኑንም አትጠራጠሩ፤ ብዙ ልጅ ሲፈታለት አይቻለሁ።

አሁን ልቤ ወዳለበት ነገር ልምጣ፤ እሱም ጊዜ ነው።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላ ገና ውሃ አለበት። ለቤት ዕቃ የሚሆነው ውሃው ወጥቶ፣ ከመቶ ከ8 እስከ 12 ገደማ ብቻ ሲቀርበት ነው። በአየር ለማድረቅ ደግሞ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ገደማ ይቆጠራል። በማድረቂያ ክፍል ያጥራል፤ በችኮላ ከሞቀ ግን ውጪው ደርቆ ውስጡ ይሰነጠቃል። ይህን ያልጠበቀ አናጢ በግንቦት ያማረ በር ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ በሩ አብጦ አልዘጋ ይላል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ጠብቦ ንፋስ ያስገባል። ደንበኛው «የእገሌ ሥራ» ብሎ ለጎረቤቱ ያሳያል። ዋንዛ ታጋሽ እንጨት ነው፤ ብዙ አይጣመምም፣ ለመላጊያም ይገራል። ባሕር ዛፍ ግን ሳይደርቅ ከነኩት ይጠማዘዛል፣ ይተረተራል። ቢሆንም በትዕግሥት ካደረቁት እሱም ይሠራል። የአገሩ እንጨት ሁሉ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን ማወቅ ደግሞ በሦስት ወር አያልቅም።

ልጆቼ፣ እናንተም እንደዚያው ናችሁ። ሥልጠናው ከተጀመረ ጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሰው ይመጣባችኋል። ፈርኒቸር ቤት ያለው ወይም ግንባታ ላይ የሚያሠራ ሰው ይሆናል። «ምን ያደርግልሃል ወረቀት፤ ና የቀን ሥራ ልስጥህ» ይላችኋል። ብሩም እጅ ላይ ይቆጠራል። ያን ቀን ልባችሁ እንደሚፈተን አውቃለሁ፤ በቤታችሁ ያለውን ችግርም አውቃለሁ። ነገር ግን ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት በዚያ ቀን ትታወሳችሁ። መጋዝ ላይ ገበታ መግፋት ብቻ ይዞ የወጣ ልጅ ከዓመታት በኋላም ያንኑ ገበታ ሲገፋ ይገኛል። ዕቃውን የሚነድፈው ሌላ ነው፣ ዋጋውን የሚተምነው ሌላ ነው፣ ከደንበኛው ጋር ቆሞ የሚነጋገረውም ሌላ ነው። ኮሌጁ የሚያስተምራችሁ ይህን ሁሉ ነው፤ ይህ ያመለጠው ሰው ደግሞ ተመልሶ ልማር ቢል ቤተሰብ ይይዘዋል፣ ዕድሜም ያሳፍረዋል። ችግሩ ከበረታ የማታውን መርሐ ግብር ጠይቁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሥሩ፤ አሠልጣኛችሁን አማክሩ። አቋርጦ መውጣት የመጨረሻው በር ይሁን።

ሥልጠናው ከኮሌጁ ውጭም ይወስዳችኋል። የትብብር ሥልጠና ብለው ወደ አንድ ድርጅት ይልኳችኋል። በሰው ቤት እንግዳ ናችሁና ቀድማችሁ ድረሱ፣ መጥረጊያ ለማንሣት አትናቁ፣ ማሽን ሳትጠይቁ አትንኩ። ብርጭቆ ወረቀት ይዛችሁ ቀኑን ሙሉ እንድታለሰልሱ ቢሰጧችሁ አትሰልቹ፤ ቨርኒሽ የሚያጋልጠው ያንን ነው፣ ያልለሰለሰ ቦታ ቀለም ሲነካው ይጮኻል። ማንም ባይነግራችሁም ዓይናችሁ ይሥራ። ሙያ በልብ ነው።

እናንተም የፈርኒቸር ቤት ባለቤቶች፣ ይህን ምክር ከሰማችሁ አንድ ቃል ለእናንተ አለኝ። ልጁን ሻይ እንዲያመጣላችሁና ጣውላ እንዲያወርድ ብቻ አታድርጉት። ዛሬ ወንዴና ሴቴ አድርጎ ማጋጠም ያሳያችሁት ልጅ ነገ ገበያችሁን ይወስዳል ብላችሁ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። አገሩን ዕዩ እስቲ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ ቁም ሳጥን፣ የወጥ ቤት ካቢኔት፣ አልጋ ይፈልጋል። ሰው ያጣችሁት እናንተ ናችሁ። በየቀኑ «ጥሩ ሠራተኛ ጠፋ» ትላላችሁ፤ ከየት ይምጣላችሁ?

ስለ ሴት ልጆቻችንም ልናገር። «እንጨት ሥራ ለሴት ይከብዳል» የሚል አባት አለ። ያው አባት ልጁ ከምንጭ ሃያ ሊትር ውሃ ተሸክማ ስትመጣ ከበዳት ብሎ አያውቅም። ጣውላ ወንዱም ብቻውን አያነሣውም፤ በሁለት ሰው ይነሣል። መለካት፣ መንደፍ፣ ማጋጠም፣ ማለስለስ የጉልበት ሥራ አይደለም። ሴት ልጃችሁ ይህን ሙያ ከመረጠች አብራችኋት ሂዱ፤ መጸዳጃ ቤቱን፣ የልብስ መቀየሪያውን፣ ስትመለስ የምትመጣበትን መንገድ አብራችሁ ዕዩላት። ሊያስጨንቃችሁ የሚገባው ይኼ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጁ ከተመዘገበ በኋላ የእናንተ ድርሻ ገና ይጀምራል። ትራንስፖርትና ምሳ በየቀኑ ነው። ሥልጠናው የመንግሥት ስለሆነ ምንም አያስወጣም ብላችሁ አትቁጠሩ። ዕድራችን፣ ዕቁባችን አለ። ለሠርግና ለተዝካር የምንረዳዳ ሰዎች ለአንድ ልጅ መሮ መግዣ መረዳዳት እንዴት ያቅተናል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ከሁሉ በላይ ግን ማታ ሲመጣ «ዛሬ ምን ሠራህ?» በሉት። የመጀመሪያው በርጩማው ቢንገዳገድም ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ እንግዳም ይቀመጥበት። ልጁ እንግዳው ሲቀመጥ የት እንደሚንገዳገድ ያያል፤ ሁለተኛውን ሲሠራ ያንን ያስተካክላል።

ሥልጠናው ሲያልቅ የብቃት ምዘናው አለ። እናንተ ሲኦሲ የምትሉት። አንዳንዱ ኮሌጁን ጨርሶ ምዘናውን ፈርቶ ይተወዋል፤ ይህ ጤፉን አጭዶ አውድማ ላይ እንደ መተው ነው። ለንድፈ ሐሳቡ ጥያቄ አንብቡ፤ የተግባሩን ደግሞ በተሰጠው ሰዓት መጨረስን ተለማመዱ። የሚጥለው ብዙውን ጊዜ አለማወቅ ሳይሆን ሰዓት ነው። ካልተሳካላችሁም ተመልሳችሁ ተመዘኑ፤ ድጋሚ መቀመጥ አይከለከልም።

ከዚያ በኋላ ወዲያው የራስ ቤት ለመክፈት አትቸኩሉ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። አንድ ሁለት ዓመት ከደህና ባለሙያ ሥር ብትሠሩ የእንጨት ዋጋን፣ የደንበኛን ጠባይ፣ ቀብድ ተቀብሎ በቀጠሮ ማድረስን ትማራላችሁ። ቀብድ የበላ አናጢ ስሙ በከተማው ሁሉ ይሰማል፤ አናጢነት ሲነቀፍ የኖረው በዚህ ነው። «ቅዳሜ ና» ካላችሁ ቅዳሜ ይጨረስ። የማይጨረስ ከሆነ ሐሙስ ደውሉ። ከዚያ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተደራጅታችሁ የሥራ ቦታ መጠየቅ፣ ብድር መውሰድ ይመጣል። አብሮ የሚደራጅ ሰው ስትመርጡም በሥልጠናው ጊዜ ወርክሾፑን ሳይጠርግ የሚሄደው ማን እንደ ነበር አስታውሱ።

እንጨቱንም ከየት እንደምትገዙ ዕወቁ። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ እየተመናመኑ ስለሄዱ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ደኑ ግን ዛሬም በሌሊት ይቆረጣል፤ በርካሽ የሚቀርብላችሁ ጣውላ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ሞኙ ደግሞ አገሪቱ ናት። ፈቃዱን ጠይቁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሰው ከተከለው ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ምን ያህል ያማረ ሥራ እንደሚወጣ በኮሌጁ ሳላችሁ ሞክሩት፤ የነገው እንጨታችሁ እሱ ነው።

ምዝገባው እስኪከፈት ድረስ ጊዜ አላችሁ። በዚህ ሳምንት ሁለት ኮሌጅ ዕዩ። ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ፤ ማሽኑ የሚሠራው፣ አሠልጣኙም የማይጠፋው ያን ጊዜ ነው። ሜትርና ደብተር ያዙ። ያያችሁትን ጻፉ፣ ማታ ከአባትና ከእናታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ወላጅ የሌላችሁም ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን። ፎርሙን ከዚያ በኋላ ሙሉ።